የአረጋዊ ምቾት ከደጃፍ ይጀምራል



ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክረምት ከዲላ ወደ ሬኮ ሄጄ ነበር። ከመግሪብ በኋላ ቡና ተፈልቶ ለአያቴ ሲኒ ባቀርብላቸው «ይቅርብኝ» አሉ። ውሃም አልፈለጉም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። አሟቸው እንደሆነ ብጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ማታ ከጠጣሁ ሌሊት ማን ያወጣኛል?» አሉኝ።

መጸዳጃው ከቤቱ ጀርባ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ዝናብ ሲመታው ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ለካ አንድ ሌሊት እዚያው ወድቀው ኖሯል፤ እንዳንጨነቅ ብለው ለማንም አልተናገሩም። እጃቸውን የምንስም፣ ለዒድ ልብስ የምንገዛላቸው ልጆች ተጠምተው እንደሚያድሩ አላወቅንም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ፣ ወላጆቻችን ሲያረጁ በቃል እንኳ እንዳናስቀይማቸውና በእዝነት ዝቅ እንድንልላቸው አዞናል። ይህ እዝነት በመዶሻና በምስማርም ይገለጻል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ አብዝቶ የሚጎዳውም ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ነው። የአረጋዊ የዳሌ አጥንት ከተሰበረ አልጋ ላይ መዋል ይከተላል፤ እሱም ሌላ በሽታ ይጠራል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ እንቅፋት አይኑርበት። ደረጃ ካለ ተዳፋት ይሠራለት። ተሽከርካሪ ወንበር እንዲወጣው ከተፈለገ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያስፈልጋል። በሩም ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ይስፋ።

2ኛ. በመጸዳጃውና በመታጠቢያው ግድግዳ ላይ የሰው ክብደት የሚችል የእጅ መደገፊያ ይተከል። ቁጢጥ ማለት ለሚያቅተው መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ይሠራለት።

3ኛ. የአልጋው ከፍታ፣ አረጋዊው ጫፉ ላይ ሲቀመጥ ሁለት እግሩ መሬት በደንብ የሚረግጥበት ይሁን።

4ኛ. ሌሊት እጁ የሚደርስበት መብራት ወይም ባትሪ ከራስጌው አይጥፋ።

5ኛ. ዉዱእ የሚያደርግበት ቦታ መቀመጫ ይኑረው፤ ወለሉም ውሃ አይቋጥር። ቆሞ መስገድ ላቃተው ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዶለታልና የማይወዛወዝ ወንበር ይቅረብለት።

ጧሪ ያጡ አረጋውያን በሚኖሩባቸው ማዕከላትም ነገሩ ይኸው ነው። በ2002 ዓ.ም. በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የአዲስ አበባው መቄዶንያ በመኖሪያ ቤት ተጀምሮ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ይጦራል። ለሕንፃው ማስጨረሻም በ2017 ዓ.ም. ሕዝቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አዋጥቷል። ለእንዲህ ያለ ቤት ስንለግስ ስለ መደገፊያውና ስለ ተዳፋቱም እንጠይቅ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚያመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ጉልበቱ የደከመ አረጋዊም በዚሁ ይጠቀማል።

ደግሞም ደህንነት ማለት አረጋዊን ክፍል ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ እንዳይመስለን። የጌዴኦ አባቶች በሶንጎ ተሰብስበው ሲመክሩ ያደግን ሰዎች ይህን አንስተውም። ፀሐይ የሚሞቅበት፣ ከጎረቤት ጋር የሚጫወትበት፣ አላፊ አግዳሚውን የሚያይበት መቀመጫ በደጃፉ ይኑር።

እኛ ቤት ከወንድሞቼ ጋር በሁለት ቀን መንገዱን በድንጋይ ደረደርነው፤ የባሕር ዛፍ መደገፊያም አቆምን። የቱ ጋ እንደሚተከል ያሳዩን አያቴ ራሳቸው ናቸው። በእጃቸው ይዘው ካልፈተሹት በቀር ምስማር አላስመቱንም። በሦስተኛው ማታ «ቡናው የታለ?» አሉ።

ወጣቶች ሆይ! ዛሬ ማታ ከዒሻእ በኋላ ከአያታችሁ አልጋ ተነሥታችሁ እስከ መጸዳጃው በጨለማ ተራመዱ። የሚያደናቅፋችሁን ነገር ነገ አንሡት። አላህ የወላጆቻችንን ሐቅ ለመወጣት ይርዳን፤ አሚን።