«ስሜን አይጻፉበት» የሚለው ደብዳቤ

አሜሪካ ውስጥ ጡረታ የወጡ የቤዝቦል ተጫዋቾች በፖስታ ከሚደርሳቸው ደብዳቤ መሃል ቶሎ የሚለይ አንድ ዓይነት አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አድናቂዎ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። መሃሉ ላይ ስለ አንድ የድሮ ጨዋታ ሁለት መስመር ያነሳል። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «እባክዎ ካርዱ ላይ ፊርማዎን ብቻ ያኑሩልኝ፤ ስሜን አይጻፉበት።»

እስቲ ይታሰብ። ዕድሜ ልኩን ያደነቀው ሰው በገዛ እጁ ስሙን እንዳይጽፍለት የሚለምን አድናቂ ምን ዓይነት አድናቂ ነው? መልሱን ሰብሳቢዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። የሰው ስም የተጻፈበት ካርድ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል። «ለዴቪድ» የሚል ካርድ ዴቪድ ያልሆነ ሰው ምን ያደርግለታል? ስለዚህ «ስሜን አይጻፉበት» ማለት በትክክለኛው ቋንቋ «ልሸጠው ነው» ማለት ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ የቤዝቦል ካርድ በአንድ ገጹ የተጫዋቹ ፎቶ፣ በጀርባው ደግሞ በየዓመቱ ያስመዘገበው ውጤት በቁጥር የታተመበት፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ካርቶን ነው። ድሮ ከሲጋራ ጋር፣ ኋላ ከማስቲካ ጋር በጉርሻ መልክ ይሸጥ ነበር። ካርዱን በፖስታ አስፈርሞ የመሰብሰብ ልማድ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ሰብሳቢው ካርዱን፣ አጭር ደብዳቤና የራሱ አድራሻ የተጻፈበት ቴምብር የተለጠፈበት ባዶ ፖስታ አንድ ላይ አድርጎ ይልካል። ተጫዋቹ ይፈርምና በዚያው ባዶ ፖስታ ይመልሳል። ወጪው የሁለት ቴምብር ዋጋ ነው፤ ሁለት ዶላር አይሞላም። መልሱ በ10 ቀን ሊመጣ ይችላል፣ በ2 ዓመት ሊመጣ ይችላል፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። የሚጫወቱትን ለማግኘት የሚመረጠው ጊዜ የካቲትና መጋቢት ነው፤ ቡድኖቹ አሪዞናና ፍሎሪዳ ለልምምድ ይሰፍራሉ፣ ተጫዋቹም ከጨዋታ ወራቱ ይልቅ ፋታ ይኖረዋል። ጡረታ ለወጡት ግን ደብዳቤው በቀጥታ ወደ ቤት ነው የሚሄደው። የቤት አድራሻቸውን ሰብስቦ የያዘ መጽሐፍ ለአሥርተ ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ይህ ልማድ የቆመው በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ነው። ተጫዋቹ እንዲመልስ የሚያስገድደው ሕግ የለም፣ ውል የለም፣ ክፍያም የለም። አንድ ሽማግሌ ቁርሱን በልቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ የማያውቀውን ሰው ደብዳቤ ከፍቶ ስለሚያነብ ብቻ ነው ነገሩ የሚሠራው። ነጋዴው የሚነግድበት ካርቶኑን አይደለም፤ ይህንን ጨዋነት ነው።

ነጋዴው ሲጠየቅ የሚመልሰው የታወቀ ነው። «ካርዱ የእኔ፣ ቴምብሩ የእኔ፣ ፖስታው የእኔ። የእኔን ንብረት ብሸጥ ማን ያገባዋል?» ይላል። በሕግ ዓይን ልክ ነው፤ የሚከሰው የለም። ነገር ግን ፊርማውን ያገኘው በምንድን ነው? «አድናቂዎ ነኝ» በሚል ቃል ነው። ደብዳቤው ላይ «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ይህን ፈርመውልኝ በ40 ዶላር ልሸጠው አስቤያለሁ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ካርዱ ተፈርሞ ይመለስ ነበር? እውነቱን ቢናገር የማያገኘውን ነገር ውሸት ተናግሮ ካገኘው፣ ቴምብር መግዛቱ ነገሩን ንጹሕ አያደርገውም። በልጅ እጅ ጽሕፈት አስመስለው፣ ፊደሉን አጣምመው «የ9 ዓመት ልጅ ነኝ» የሚሉም አሉ። ጢሙ የሸበተ የ9 ዓመት ልጅ!

«ሚሊየነሩ ምን ይጎድልበታል?» የሚል ሌላ መከራከሪያም አለ። ይህ አባባል ማን እንደሚመልስ ካለማወቅ የመጣ ነው። ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች የሚከፈለው ኮከብ ከነጭራሹ ደብዳቤ አይከፍትም፤ ፊርማው አስቀድሞ በውል ተሽጧል። የሚመልሱት በአብዛኛው ሌሎቹ ናቸው፦ ገና በታችኛው ሊግ በአውቶቡስ የሚንከራተቱት ወጣቶችና ስማቸውን ከሰብሳቢ በቀር የሚያስታውሰው የሌለ ሽማግሌዎች።

ስለ ሽማግሌዎቹ ደግሞ አንድ የማይወራ ታሪክ አለ። በ1980 በተደረገ ስምምነት አንድ ተጫዋች በዋናው ሊግ 43 ቀን ካገለገለ ጡረታ እንዲያገኝ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት የሚጠየቀው 4 ዓመት ነበር። አዲሱ ደንብ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አልሠራም። ስለዚህ ከ1980 በፊት ጨዋታ ያቆሙና 4 ዓመት ያልሞላቸው ብዙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በ2011 በዓመት ከ10,000 ዶላር የማይበልጥ ድጎማ ተወሰነላቸው፤ እሱም ቢሆን ሰውየው ሲሞት ለሚስቱ አይተላለፍም። እንግዲህ 3 ዓመት ተጫውቶ፣ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ ቀሪ ዕድሜውን መኪና ሲሸጥ ወይም ትምህርት ቤት ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ነው በነጻ የሚፈርመው። በእሱ ፊርማ አንድ ነጋዴ የወር የቤት ኪራዩን ይከፍላል፤ እሱ ደግሞ መድኃኒቱን በራሱ ኪስ ይገዛል።

ለዚህ ነው አንዳንድ ተጫዋቾች «በካርድ 5 ዶላር፣ 10 ዶላር ላኩ» ማለታቸው ሲያስነቅፋቸው ነገሩ የሚያስቀው። ነቀፋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ራሱ ከሚሸጠው ሰው ነው! ዋጋውን በግልጽ ተናግሮ የሚሸጥ ሰው ማንንም አላታለለም። ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት የሚያውሉም አሉ፣ ለራሳቸው የሚያውሉም አሉ፤ ሁለቱም መብታቸው ነው። ነውሩ ያለው በስጦታ የመጣን ነገር አየር ባየር መቸርቸር ላይ ነው።

ስም ያልተጻፈበት ፊርማ ሌላም ጣጣ አለው። እንደ ገንዘብ ኖት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እንደ ገንዘብ ኖትም ፎርጅድ ይሠራለታል። በ1990ዎቹ ኤፍ ቢ አይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ብሎ በሰየመው ምርመራ ሳንዲያጎ አካባቢ አንድ የፎርጅድ ፊርማ ቡድን ያዘ። የሳንዲያጎው ኮከብ ቶኒ ግዊን የራሱ ፊርማ ተመስሎ እየተሸጠ መሆኑን ለይተው ለመርማሪዎች ከረዱት አንዱ ነው። ቡድኑ ገበያ ላይ ያፈሰሰው ዕቃ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገምቷል። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል ማዘር ቴሬዛ ፈረሙበት የተባለ የቤዝቦል ኳስ ነበር። ገዢ ባይኖረው አይሠሩትም ነበር፤ ጉዱ እዚያ ላይ ነው። የካልካታዋ መነኩሴ ኳስ ስትፈርም በዓይነ ኅሊናው የታየው ሰው ከኪሱ ገንዘብ ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የማረጋገጫ ንግድ ደራ። ሊጉ ራሱ በ2001 የሆሎግራም ተለጣፊ አመጣ፤ ይህ የሚሰጠው ግን ሲፈረም በዓይኑ ያየ ምስክር ሲኖር ብቻ ነው። በፖስታ የተፈረመ ካርድ ምስክር ከየት ያመጣል? ከሽማግሌውና ከሚስቱ በቀር ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ስለዚህ ካርዱ ወደ ግል ድርጅቶች ይላካል፤ ባለሙያው ፊርማውን ከሌላ ፊርማ ጋር አስተያይቶ «እውነተኛ ይመስላል» ይላል፤ ለዚህም ያስከፍላል። በሁለት ቴምብር የጀመረ ነገር የደላላ ሰንሰለት ሲያበቅል እንዲህ ነው።

በፖስታ የሚመጣው ሁሉ ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም። የታላላቅ ኮከቦችን ኳስ መልበሻ ክፍል ያሉ ሠራተኞች ይፈርሙላቸው እንደነበር ከጥንትም የታወቀ ነው። ሚስት የፈረመችው አለ፣ በማኅተም የተመታ አለ። ነገር ግን ስም የተጻፈበትን ካርድ ፎርጅድ ለመሥራት የሚደክም ሌባ ብርቅ ነው፤ ምክንያቱም ገዢ የለውም። የገበያ ዋጋውን የሚገድለው ያው አንድ ቃል ከፎርጅድም ይጠብቀዋል።

አምራቾቹ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ነቅለውታል። በ1990 አፐር ዴክ የተባለው ኩባንያ ሬጂ ጃክሰን የፈረማቸውንና ቁጥር የተሰጣቸውን 2,500 ካርዶች በእሽጎች ውስጥ በዘፈቀደ ከተተ። ከዚያ ወዲህ ፊርማ እንደ ሎተሪ ዕጣ ሆነ። ዛሬ ብዙ ጊዜ ተጫዋቹ ካርዱን አያየውም፤ ግልጽ የሆኑ ትናንሽ ስቲከሮች በገጽ በገጽ ይመጡለታል፣ ተራ በተራ ይፈርምባቸዋል፣ ኩባንያው ኋላ ካርድ ላይ ይለጥፋቸዋል። ለማንም ያልተፈረመ ፊርማ ነው። እሽጉን ከፍቶ ያገኘው ልጅ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ግን ያ ተጫዋች ስለዚያ ልጅ መኖር ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አስቦ አያውቅም።

(በነገራችን ላይ፣ ዋጋን ለሚያመልክ ሰው፦ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የ1952ቱ የሚኪ ማንትል ካርድ ፊርማ የሚባል ነገር የለበትም።)

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚነጻጸር አንድ ሰው አለ፤ ሃርመን ኪሌብሩ። 573 ጊዜ ኳሷን ከአጥር ውጭ የመታ፣ በ2011 ያረፈ የሚኒሶታ ጀግና ነው። ሰብሳቢዎች የሚያነሱት ግን ለእጅ ጽሕፈቱ ነው፤ እያንዳንዷ ፊደል ትነበባለች። የሚኒሶታን ወጣት ተጫዋቾች ፊርማቸውን እያየ ይገሥጽ ነበር። ከተገሠጹት አንዱ ቶሪ ሀንተር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን አስተካክሎ መጻፉን ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። የኪሌብሩ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ የሚቀበለው ሰው የማን እንደሆነ ማንበብ አለበት። ለእሱ ፊርማ ማለት ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነገር ነበር።

ይህን አገር ቤት ያለ አንባቢ ለመረዳት አይቸገርም። እኛ ዘንድ ደራሲ መጽሐፍ ሲፈርም መጀመሪያ ቀና ብሎ «ለማን ልበል?» ይላል። «ለማንም አይበሉ፣ ባዶውን ይፈርሙልኝ» የሚል አንባቢ ቢገጥመው ብዕሩን አስቀምጦ የሚያየው አስተያየት ምን ዓይነት ይሆን ነበር?

እና መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሕግም ድርጅትም አይጠይቅም። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው አንድ ካርድ ይላክ፣ 15 አይላክ። ስሙን ይጻፍ፣ እንዲጻፍለትም ይጠይቅ። ሊሸጥ ከሆነም ሊሸጥ እንደሆነ ይናገርና የሚጠየቀውን ይክፈል። ቅር የሚለው ነጋዴው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አያጣም።

ተጫዋቾቹም እየነቁ ነው። ስም ሳይጽፉ የማይፈርሙ አሉ። ከሁሉም የሚጥመው ግን «ስሜን አይጻፉበት» ብሎ ለሚለምነው ሰው አንዳንዶቹ የሚያደርጉት ነው። ሰውየው ደብዳቤው ላይ ስሙን ቢደብቅም መልሱ የሚመጣበት ፖስታ ላይ መጻፉ ግድ ነው። ሽማግሌው ያንን ፖስታ ያነሳል፣ ስሙን ያነባል፣ ካርዱ ላይ «ለ» ብሎ ይጀምራል።