የውሻው ፊት ለምን ጠቆረ?

ሳይንስ በተባለ ቁጥር በብዙዎቻችን ሕሊና የሚመጣው ነጭ ጋዋን፣ ማይክሮስኮፕና ዋጋው የማይቀመስ መሣሪያ ነው። ቤተ ሙከራው ካልተሟላ ምርምር የለም እያልን ስንማረር ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ ጽሑፍ አንባቢን ከቤተ ሙከራ አውጥቼ ወደ አንድ የእንግሊዝ አገር የገጠር መኖሪያ ቤት የአትክልት ሥፍራ ለመውሰድ እወዳለሁ። በዚያ የምናገኘው በጸደይ ቀትር ላይ ከውሻው ጋር የሚንሸራሸር አንድ ሰው ነው። (ጸደይ ስል የመስከረሙን አደይ አበባ የሚያስብ አይጠፋም፤ የእንግሊዞቹ ጸደይ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ገደማ ያለው ወቅት ነው።)

ሰውየው ቻርልስ ዳርዊን፣ ቤቱም ዳውን ሃውስ ይባላል። ሥፍራው በጊዜው የኬንት ገጠር ሲሆን ዛሬ በለንደን አስተዳደር ክልል ተጠቃልሏል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 ቤተሰቡን ይዞ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ በ1882 እስኪሞት ድረስ አርባ ዓመት ያህል ኖሮበታል። በ1846 ከጎረቤቱ ጠባብ መሬት ተከራይቶ ዛፍ ተከለበት፤ ዙሪያውንም አሸዋ የለበሰ የእግር መንገድ አወጣለት። በዚህ መንገድ ላይ በየቀኑ የተወሰነ ጊዜ ይዞራል። ዙሩ እንዳይጠፋው የባልጩት ድንጋዮች ይከምርና ባለፈ ቁጥር አንዱን በእግሩ ገፋ ያደርጋል። የሂሳብ ማሽን መሆኑ ነው።

የቀትሩ ጉዞ የሚጀመረው ባብዛኛው ወደ መስተዋት ቤቱ ጎራ በማለት ነበር። ዳርዊን በዚያ የዘራቸው ዘሮች መብቀላቸውንና ለሙከራ የያዛቸው ዕፅዋት ያሉበትን ሁኔታ ለጥቂት ጊዜ ተመልክቶ ይወጣል። ይህ ልማድ ግን ቅር የሚያሰኘው አንድ ፍጡር ነበር። ቦብ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ትልቅ ውሻ፣ እንደማንኛውም ውሻ፣ ሽርሽር ነፍሱ ነው። አንገቱን ቀና፣ ጭራውን ከፍ አድርጎ ከጌታው ፊት ፊት ይሄዳል። ወደ መስተዋት ቤቱ የሚወስደው መንገድ በስተቀኝ ከሚገነጠልበት ቦታ ደርሰው የዳርዊን ሰውነት ወደዚያ ጥቂት ዘንበል ሲል ግን የውሻው ፊት በቅጽበት ይጠቁራል፤ ራሱ ያቀረቅራል፣ ጆሮውና ጭራው ይወድቃሉ። ቤተሰቡ ይህን ገጽታ «የመስተዋት ቤት ፊት» ብሎ ሰይሞት ነበር።

ውሻ የሚወድ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ወሬ አያጣም። ይህኛው ወሬ ሳይንስ የሆነው፣ በእኔ እምነት፣ ዳርዊን በ1872 ባሳተመው ስለ ሰውና ስለ እንስሳት ስሜት አገላለጽ በሚያወሳው መጽሐፉ በቅንፍ ውስጥ ባስገባት አጭር ሐረግ ነው፤ ለሙከራ ሲል ሆን ብሎ የሚታጠፍባቸው ጊዜያት እንደነበሩ ይነግረናል። መስተዋት ቤት ጉዳይ ሳይኖረው፣ ምን ይፈጠር ይሆን ብሎ እግሩን ያዞራል ማለት ነው። ወጪው አንድ እርምጃና የአንድ ውሻ ቅሬታ ብቻ ነው። በዚያ ላይ፣ ውሻው ይህን ገጽታ የሚያሳየው የጌታውን ልብ ለማራራት አስቦ ነው ብሎ መገመት እንደማይቻል ዳርዊን ራሱ ያስጠነቅቃል።

ማስጠንቀቂያው ከንቱ አልነበረም። የሥነ ልቦና ሊቁ ሎይድ ሞርጋን በ1894፣ የእንስሳ ድርጊት በቀላል ምክንያት ሊገለጽ ሲችል ከፍ ያለ አእምሯዊ ችሎታ ምክንያት ሆኖ ሊቀርብለት አይገባም ሲል ጻፈ። የእርሱም ማስረጃ ውሻ ነበር። ቶኒ የተባለው ቴሪየር የግቢውን በር መቀርቀሪያ በራሱ አንስቶ ሲወጣ ያየ ሰው አሰላስሎ የደረሰበት ይመስለዋል፤ ከመጀመሪያው የተከታተለው ሞርጋን ግን ውሻው ዘዴውን ያገኘው በአጋጣሚ እንደሆነ ያውቃል። በ2009 ደግሞ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ 14 ውሾችን ፈተነች። «ጥፋቱን ያውቃል» የምንለው የውሻ ገጽታ ጎልቶ የታየው ውሻው ሲያጠፋ ሳይሆን ጌታው ሲቆጣው ነበር፤ ምንም ያላጠፉትም ሲቆጧቸው ያንኑ ፊት አሳይተዋል።

ከዚህ ተነስተው «ለእንስሳ ፍቅር ያለው ሰው እንስሳን ሊያጠና አይገባም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የቦብን ፊት የለየው የሚወደው ቤተሰብ ነው፤ ባዕድ ተመራማሪ ቢሆን ኖሮ የጆሮዋን መውደቅ ልብ ባላለም ነበር። ጉድለቱ ከፍቅሩ ሳይሆን በፍቅር ያየነውን ሳይፈትኑ ከማመን ይመጣል። ሞርጋንም ቢሆን የቶኒን ምሥጢር የደረሰበት በገዛ ግቢው ውሻውን ዘወትር ስላየ ነው።

ያው ዓይን ለአረምም ይሠራል። ዳርዊን 3 ጫማ በ2 ጫማ የሆነች መሬት ቆፍሮና አጽድቶ፣ የበቀለውን የአረም ቡቃያ ሁሉ ምልክት እያደረገ ቆጠረ። ከ357ቱ ቡቃያዎች 295ቱ ጠፉ፤ ባብዛኛው የበሏቸው ዛጎል የለሽ ቀንድ አውጣዎችና ነፍሳት ነበሩ። ቁጥሩ በ1859 በወጣው «የዝርያዎች አመጣጥ» ውስጥ ስለ ህልውና ትግል ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል።

የግቢያችሁ ውሻ ከሩቅ የሚለያችሁ በአካሄዳችሁ ነው ወይስ በድምፃችሁ? ሳንቲም እየወረወራችሁ፣ ዘውድ ሲወጣ ድምፅ አሰምታችሁ፣ ጎፈር ሲወጣ ዝም ብላችሁ ሃያ ጊዜ ግቡ፤ በየጊዜው የሆነውንም ጻፉ። ውሻው የምታውቁትና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተከተበ ይሁን።