የሌሊቱ ማንቂያና የጣት ደም
የቤተሰብ አምድ

ከክፍላችን አባላት አንዱ የሆነ አሥር አለቃ፣ ሐርጌሳ ከእኅቱ ጋር የሚኖሩትን እናቱን የሚመለከት ደብዳቤ ለዚህ አምድ ልኳል። ወይዘሮዋ ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ከሎንዶን የመጣ ዘመድ፣ ክንድ ላይ ተለጥፎ የስኳርን መጠን ቀንና ሌሊት በስልክ የሚያሳይ መሣሪያ አበረከተላቸውና ማታውኑ ተገጠመላቸው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ማንቂያው ጮኸ፤ ቁጥሩ 3.0 ይላል። እኅቱ ደንግጣ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጮኸ፤ ደግማ አጠጣች፤ ሦስተኛም ጨመረች። ሲነጋ በቆየው የጣት መለኪያ ሲለካ 312 ሆኖ ተገኘ። «ይህን ውሸታም መሣሪያ እንጣለው ወይ?» ሲል አሥር አለቃው ይጠይቃል።

እኔ ሐኪም ባለመሆኔ፣ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ክፍላችን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። መልሱ፣ አይጣል የሚል ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱ ቁጥሮች የሚነጋገሩት በአንድ ቋንቋ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የሚሸጠው መሣሪያ ስኳርን በሚሊሞል በሊትር ሲቆጥር፣ በኢትዮጵያ የለመድነው መለኪያ በሚሊግራም በዴሲ ሊትር ይቆጥራል። የመጀመሪያውን በ18 ማባዛት ወደ ሁለተኛው ያደርሳል። ስለዚህ 3.0 ማለት 54፣ 312 ማለትም 17.3 ገደማ ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ በስልክ «ስኳሬ 15 ነው» ሲል፣ 270 ማለቱ መሆኑን ያልተረዳ ዘመድ ወደ ተሳሳተ እርዳታ ሊሮጥ ይችላል።

ታዲያ 54 ከየት መጣ? መሣሪያው ደምን አይለካም። ከቆዳ ሥር የገባው ቀጭን ክር የሚያየው በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስኳር ከደም ወደዚያ ፈሳሽ እስኪሻገር ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በግንባር ያለ ቃፊር ያየውን ለማዘዣ ጣቢያ እስኪያደርስ ድረስ ጠላት ቦታ እንደሚለውጥ ሁሉ፣ ከምግብ ወይም ከመርፌ በኋላ ስኳር በፍጥነት ሲወጣና ሲወርድ የስልኩ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል። ስኳር ከጠጡ በኋላም ቁጥሩ ወዲያው ስለማይነሣ፣ ቸኩሎ ደጋግሞ ማጠጣት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከዚህም ሌላ ወይዘሮዋ መሣሪያው በተለጠፈበት ጎን የመተኛት ልማድ እንዳላቸው ደብዳቤው በመጨረሻው መስመር፣ እንደ ዋዛ ጠቅሶታል። ክንድ በሰውነት ክብደት ሲጫን ወደ ክሩ አካባቢ የሚደርሰው ፈሳሽ ስለሚቀንስ፣ መሣሪያው ስኳር የወረደ መስሎት ይጮኻል። ገልበጥ ሲሉ ቁጥሩ ራሱ ይመለሳል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሌሊት ነበር። መሣሪያው እንደ ዓይነቱ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁጥር መስጠት ቢጀምርም፣ የተወጋው ሥጋ እስኪረጋጋ፣ በተለይ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ስሕተቱ ከፍ ሊል ይችላል። ጠመንጃ አዲስ የተረከበ ወታደር ዒላማ ላይ ተኩሶ ሳያስተካክል ወደ ግዳጅ አይወጣም።

እኅቲቱ የመጀመሪያውን ስኳር ማጠጣቷ አያስወቅሳትም፤ እኔም ብሆን አጠጣ ነበር። ጥፋቱ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጣት ሳትወጋ መጨመሯ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ተቃራኒው ነው፦ አዲሱ መሣሪያ በስሕተት ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳይና በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን ቢወጋ፣ የሚጠፋው ሕይወት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የመርፌው መጠን በጣት ደም ይወሰን።

የጣቱም መለኪያ ቢሆን ሥነ ሥርዓት ይፈልጋል። ሙዝ ወይም ማንጎ የላጠ እጅ ሳይታጠብ ቢወጋ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይደርቅ። የመለኪያው ወረቀት ጊዜው ያላለፈበትና ክዳኑ ተከፍቶ ያልቆየ ይሁን። ሁለቱን ማወዳደር የሚገባው ስኳር በሚረጋበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምግብ በፊት ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር ግን አይጠበቅ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ራሱ ለጣት መለኪያ ከ100 በታች 15 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ በመቶ 15 ልዩነት ይፈቅዳል። 120 እና 135 ጠብ አይደሉም።

ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች ላይ ቁጥሩን ስለሚያስት፣ የሚወስዱ ሁሉ መመሪያውን ያንብቡ። ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ደግ ነው፤ ነገር ግን ትርፍ መሣሪያ በበርበራ ሙቀት መኪና ውስጥ ተዘግቶ ቢውል ሊበላሽ ይችላል።

ቁጥሩና ሰውነት ሲጣሉ ሰውነት ይሰማ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከታየ፣ ስልኩ ደኅና ነው ቢልም ጣት ይወጋ፤ መለኪያ ከሌለ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ይኸውም ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ፣ በውሃ ይጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጥ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

ለአሥር አለቃው የምንጨምረው ቢኖር፣ የመሣሪያው ዘመን ሲያልቅ የሚቀጥለው በማይተኙበት ክንድ ላይ፣ ማታ ሳይሆን ጧት እንዲገጠም ለእኅቱ ይንገራት። ማንቂያውን ግን አታጥፋው።