የመልክ ወቅትና የልብስ ኅብር

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወጣት እኅቶቻችን፣ ለሠርግ የሚሆን ቀሚስ ሲያሠሩ ወይም ለሥራ የሚሆን ሸሚዝ ሲመርጡ፣ እናቶቻቸው ከቶ ያልጠየቁትን አንድ ጥያቄ ሲጠይቁ ይሰማል፤ ይኸውም «የእኔ መልክ የየትኛው ወቅት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄውን ያመጣው ትምህርት የሰውን የቆዳ፣ የዓይንና የጠጕር ቀለም ተመልክቶ ሰውየውን በአራቱ ወቅቶች ስም ከተጠሩት አራት ወገኖች በአንዱ ይመድበዋል፤ ለዚያም ወገን የተወሰነ የቀለም ዝርዝር ስላለው፣ የተመደበው ሰው ከዚያ ወዲያ ሻሹንና ሹራቡን፣ የከንፈር ቀለሙንና የጆሮ ጌጡን ሳይቀር ከዝርዝሩ እንዳይወጣ ይመከራል። ይህን ነገር አንዳንዱ እንደ ኮከብ ቆጠራ ቆጥሮ ይንቀዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ሥርዓተ ሃይማኖት አጥብቆ ይይዘዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ናቂውም አጥባቂውም አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ በዚህ ትምህርት ውስጥ በብርሃንና በዓይን ጠባይ ላይ የተመሠረተ የታመነ ጥበብ፣ ከዚያም ጋር በኋላ ዘመን የተለጠፈበት የወቅት ስም አብረው ታስረው ይገኛሉና፣ ጥበቡን ተቀብሎ ስሙን መተው ይቻላል።

ጥበቡ የተወለደው በልብስ ሱቅ ሳይሆን በሽመና ቤት ነው። በፓሪስ ከተማ ጎብላን በሚባለው፣ ለነገሥታት አዳራሽ የሚሆን ሥዕለኛ የግድግዳ መጋረጃ ሲሠራበት በኖረው ዝነኛ ቤት፣ ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1824 የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ በተሾመ ጊዜ፣ ሠራተኞቹ ልዩ ልዩ አቤቱታ ይዘው ቀረቡት፤ ከአቤቱታቸውም አንዱ፣ በሰማያዊና በሐምራዊ መካከል ጥላ እንዲያወጣ የሚገባው ጥቁር ሱፍ ጥቁረቱ ደካማ ሆኗል፣ ስለዚህ ማቅለሚያው ተበላሽቷል የሚል ነበር። ሼቭረል ሱፉን ወስዶ በሌላ ስፍራ ከተነከረ ጥቁር ሱፍ ጋር ቢያስተያየው አንዳች ጉድለት አጣበት፤ ወደ ሥራው ገብቶ ቢመለከተው ግን በእርግጥ ፈዞ ታየው። ጥቁሩን ያደከመው ነካሪው ሳይሆን አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊ መሆኑን የተረዳው ያን ጊዜ ነው። ነገሩን ለዓመታት ሲመረምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ፣ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን አንደኛውን በሌላኛው ተቃራኒ እየቀባ እንደሚያይ በሕግ አስረዳ፤ ለሊቅ የማይገባ ጨዋታ ነው ሳይልም፣ የባርኔጣና የልብስ ቀለም በሴቶች ፊት ላይ የሚያደርገውን ለውጥ በዚያው መጽሐፍ በሰፊው ጻፈ። አረንጓዴ ጨርቅ ከፊት አጠገብ ሲሆን በጉንጭ ላይ ያለውን ቅላት የሚያጎላው፣ ጽጌረዳማ ጨርቅ ደግሞ ያንኑ ቅላት የሚሰርቀው በዚህ ሕግ ነው። በዚህም ላይ ጨርቅ ራሱ የተቀበለውን ብርሃን ወደ ላይ ስለሚመልስ፣ አገጭና አንገት የሸሚዙን ቀለም በጥቂቱ ይለብሳሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሠዓሊዎች እጅ አልፎ ወደ ልብስ አማካሪዎች እጅ ተላለፈ። ስዊሳዊው ሠዓሊና መምህር ዮሐንስ ኢተን፣ ተማሪዎቹ እንደ ልባቸው የሚያቀናብሩት ኅብረ ቀለም የተለያየ ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ ከየራሳቸው መልክ ጋር የሚዛመድ መሆኑን አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው መጽሐፉ ጻፈው፤ በአሜሪካም ሱዛን ኬይጊል የተባለች የልብስ ንድፍ ዐዋቂ ሰዎችን በወቅት ስም እየከፈለች ስታስተምር ኖረች። ትምህርቱን ወደ እያንዳንዱ ቤት ያስገባችው ግን እ.ኤ.አ. በ1980 «ከለር ሚ ቢዩቲፉል» የተባለውን መጽሐፍ ያወጣችው ካሮል ጃክሰን ናት፤ መጽሐፉ በሚሊዮን በሚቈጠር ቅጂ በመሸጡ፣ የአሜሪካ ሴቶች የወቅታቸውን ቀለማት በትንንሽ ቁራጭ ጨርቅ አስጠርዘው በቦርሳቸው እየያዙ ወደ ገበያ ይሄዱ ጀመር። ዛሬ ደግሞ በደቡብ ኮርያ ዋና ከተማ በሴኡል ይህ ምርመራ እንደ ጠጕር ሥራ የተለመደ ሆኖ፣ አገር ጎብኚዎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ይዘው ይመረመራሉ።

የምርመራው አሠራር ቢታይ የሚናቅ አይደለም። ተመርማሪዋ ፊቷን ታጥባ፣ ኩልና ቅባት ሳይነካት፣ የቀን ብርሃን በሚገባበት መስኮት ፊት ትቀመጣለች፤ ጠጕሯ የተቀባ እንደ ሆነ በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል፣ የለበሰችውም ልብስ ቀለሙ እንዳያሳስት ግራጫ ነገር ይደረብበታል። ከዚያ አማካሪዋ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ጨርቆች አንዱን በሌላው ላይ እየደራረበች ከአገጯ ሥር ታስቀምጥና፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል አንድ በአንድ ትገልጣቸዋለች። በዚህ ጊዜ ዓይን መመልከት የሚገባው ጨርቁን ሳይሆን ፊቱን ነው፤ ያውም ፊቱን በጅምላ ሳይሆን ከዓይን በታች ያለውን ጥላ፣ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ የሚወርደውን መሥመር፣ የመንጋጋውን ዳርቻና የዓይኑን ነጭ ነው። ሰናፍጭ መሳይ ቢጫ ሲመጣ ከዓይኗ ሥር ጥላ ጥሎ ሌሊቱን በልቅሶ ቤት ያደረች የሚያስመስላት ሴት፣ ጨርቁ ተገልጦ ወይን ጠጅ ሲተካ ያ ጥላ ይነሣላትና የዓይኗ ነጭ ይጠራል። ለውጡ የሚታየው ጨርቁ በሚለወጥባት ቅጽበት ነው፤ ጥቂት ከቆየ ዓይን ይለምደዋል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ዋጋ ያለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ራሷን በመስተዋት ስታይ የኖረች ሴት፣ ያን ጊዜ ፊቷን እንደ ሌላ ሰው ፊት ያለ አድልዎ ለማየት ዕድል ታገኛለችና።

ወደ ወቅቶቹ ስም ስንመጣ ግን ነገሩ ይላላል። በዚህ ትምህርት አከፋፈል ጸደይና መከር ሞቃት ቀለማት ይሰጣቸዋል፤ ለጸደይ ብሩህና ቀላል የሆኑት፣ ለመከር ደግሞ የጡብ ቀይ፣ የወይራ አረንጓዴና ቡናማ ናቸው። በጋና ክረምት ቀዝቃዛዎቹን ይወስዳሉ፤ በጋ አመድማና ለስላሳ የሆኑትን፣ ክረምት ጥቁሩን፣ የጠራውን ነጭና ደማቁን ሰማያዊ። ይህ ሁሉ በረዶ የሚወርድበትን የሰሜን አገር አየር ተከትሎ የተሠራ ምሳሌ ስለ ሆነ፣ ሐምሌን በአረንጓዴ መስክና በጭቃ፣ መስከረምን በአደይ አበባ ለሚያውቅ አንባቢ ለትዝታ እንኳ አይረዳውም።

ከአየሩ ይልቅ የሚከብደው ነቀፋ ስለ ሰዉ ነው። ትምህርቱ የተቀመረው ጠጕራቸው ከወርቅማ እስከ ጥቁር፣ ዓይናቸው ከሰማያዊ እስከ ቡናማ በሚለያይ ሰዎች ፊት ላይ በመሆኑ፣ ዓይኑም ጠጕሩም የጠቈረ ሕዝብ ሲቀርብለት ቋንቋው ያልቅበታል። የጃክሰን መጽሐፍ አብዛኛውን ጥቁር ሕዝብና አብዛኛውን የእስያ ሰው በአንድነት ወደ ክረምት ወገን ያስገባው ስለዚህ ነው፤ የምድርን ሕዝብ እኩሌታ ከሚሆን ወገን ጋር በአንድ ከረጢት የተከተተ ሰው ስለ ራሱ ምን የተለየ ነገር ተነገረው ይባላል? የኋለኞቹ መምህራን ጉድለቱን አይተው አራቱን ወገን ወደ 12 ከፍለዋል፤ መልካም አደረጉ። ነገር ግን በቤት ውስጥ ይሞከር ተብሎ የሚነገረው ምልክት፣ የእጅ አንጓን ደም ሥር አይቶ አረንጓዴ ከሆነ ሞቃት፣ ሰማያዊ ከሆነ ቀዝቃዛ ማለት፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ደም ሥሩ በግልጽ ስለማይታይ ብዙውን ሰው ለግምት አሳልፎ ይሰጠዋል።

እናቶቻችን ይህን ትምህርት ሳይሰሙ መልክን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያሉ ሲለዩ ኖረዋል። ይህ አነጋገር ክብርና ንቀት እየተቀላቀለበት ብዙ ሰው እንዳስቀየመ አልክድም፤ ነገር ግን እንደ መለኪያ ብቻ ቢወሰድ፣ ሞቃትና ቀዝቃዛ ከሚለው አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባውን፣ ማለት የመልክን ጥልቀት ይለካል። ለጠይም ሴት የቆዳዋን ጥልቀት የሚተካከል ቡናማ ወይም ፈዛዛ የአሸዋ ቀለም ከአንገቷ ሥር ቢደረግላት፣ ልብሱና ፊቱ ተቀላቅለው መልኳ ይጠፋል፤ ከእርሷ እጅግ የጠለቀ ወይም እጅግ የበራ ቢሆን ግን ፊቷ ጎልቶ ይወጣል። ጥልቀቱ ከታወቀ በኋላ ስለ ሙቀቱ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ሁለት ጠይም እኅትማማቾች እንኳ አንደኛዋ በጡብ ቀይ ስታበራ፣ ሁለተኛዋ በዚያው ቀይ አመድ መስላ በወይን ጠጅ የምትፈካበት ጊዜ አለ።

የነጭን ነገር ደግሞ ሳላነሣ አላልፍም፤ የእኛ ሰው ለበዓልም ለጸሎትም የሚለብሰው ነጭ ነውና። ሽሮ ሜዳ ከሚሸጠው ልብስ መካከል በእጅ የተፈተለ ማግ የገባበትን ነጠላና በፋብሪካ ክር ብቻ የተሠራውን ጎን ለጎን ዘርግቶ ላየ ሰው፣ ሁለቱ አንድ ነጭ አለመሆናቸው ይገለጥለታል፤ የእጁ ፈትል የጥጡን ተፈጥሮ ስላልለቀቀ ወደ ቅቤ ያደላል፣ የፋብሪካው ግን በኬሚካል የነጣ ነው፤ ማንጫ መድኃኒት የገባበት እንደ ሆነም ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ ስለሚመልስ ይበልጥ ይንቦገቦጋል። ብዙ ሙሽራ ጸዓዳ ሁሉ አንድ እየመሰላት የጥለቱን ቀለም ለመምረጥ ስትጨነቅ ትሰነብትና፣ ፊቷን ይበልጥ የሚለውጠውን፣ በአንገትና በትከሻ ላይ የሚያርፈውን ነጩን ራሱን ሳትመረምር ትቀራለች። ከጥለቱም ቢሆን ለፊት የሚቈጠረው በደረት ላይ ያለው እንጂ በቀሚሱ ጫፍ መሬት የሚጠርገው አይደለም።

ዛሬ ዛሬ ደግሞ ምርመራውን በስልክ መሥራት ተጀምሯል፤ ሰው ፎቶግራፉን ይልካል፣ መሣሪያው ወቅቱን ይነግረዋል። የስልክ ካሜራ በፊቱ ያለውን ቀለም ሁሉ በራሱ ሥልጣን እያስተካከለ የሚያነሣ በመሆኑ፣ ብርቱካንማ ሻሽ ቢቀርብለት ያን ለማቻቻል የፊትን ቀለም ወደ ሰማያዊ ሊገፋው ይችላል፤ እንግዲህ ሊለካ የታሰበው ነገር ገና ከመለካቱ በፊት ተለውጧል ማለት ነው። የፎቶግራፍ ፊልም ሠሪዎችም ለብዙ ዘመን ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት በነጭ ሴት ምስል ላይ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ ለእንዲህ ያለ ፍርድ ፊቱን በችኰላ አይሰጥም።

ደግሞስ የልብስ ቀለም ለፊት ብቻ የተገዛ ነውን? ኀዘን የደረሰባት ሴት ጥቁር ለብሳ ዓመት ስትቀመጥ፣ ወደ ልቅሶ የሚሄድ ሰው የነጠላውን ጥለት ወደ አንገቱ ሲያወጣ፣ ምእመናን በጥምቀት ነጭ ለብሰው ታቦት ሲያጅቡ፣ ጥቁሩ ለማን ያምራል፣ ነጩ ለማን ይስማማል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልብስ በዚህ ጊዜ ለጎረቤት የሚነገር ቃል ነው፤ ቃሉንም ለመናገር የወቅት ፈቃድ አያስፈልግም። ከልባሽ ተራ ሸሚዝ የሚገዛውም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ልኩንና ዋጋውን ነው። በዝርዝሩ የሌለ ቀለም ሁሉ ይውጣ ተብሎ፣ ገና ያላረጀ ልብስ ከቁም ሣጥን እየተለቀመ የሚጣልበት ልማድ ግን፣ ጥቅሙ ለአማካሪውና ለነጋዴው እንጂ ለለባሹ አይታየኝም፤ የማይስማማ ቀለም ከወገብ በታች ቢለበስ ወይም በላዩ ነጠላ ጣል ቢደረግበት ጉዳቱ ያበቃልና።

ስለዚህ መርካቶ ወርዳ ጨርቅ የምትገዛ እኅት፣ በፍሎረሰንት መብራት የተሞላውን የሱቁን ውስጥ ትታ ሁለት ሦስቱን ቀለም ይዛ ወደ በሩ ትውጣ፤ ከአገጯ ሥር እያቀያየረች ጓደኛዋ ፊቷን እንድታይላት ታድርግ፤ ባለ ሱቁ ጨርቁን ከደፍ አላሳልፍም ያለ እንደ ሆነም ከዚያው መደዳ ሌላ ሱቅ አታጣም።