እንግዳውና ባለአገሩ ዛፍ

ከየጁቤ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ የሚጓዝ ተማሪ በየመንደሩ የሚያየው ባሕር ዛፍን ነው። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣ እንግዳ ለመሆኑ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። የአያቶቻችንን ወይራና ጽድ በብዛት ለማየት የሚፈልግ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር መሄድ አለበት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጮቄ ላይ ደግሞ አስታና ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የማይበቅለው ጅብራ አሉ።

ባሕር ዛፍን ማውገዜ አይደለም፤ የገበሬው ማገር፣ ማገዶና ገንዘብ ነውና። ነገር ግን እንግዳውን ከባለአገሩ ለይተን ካልመዘገብን የትኛው እየተመናመነ እንደ ሄደ በምን እናውቃለን?

«ሊቃውንቱ ጽፈውት የለምን?» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተፈጽሟል። ሆኖም አንድ የቢቸና ወይም የሞጣ ሽማግሌ ስለ ቁጥቋጦው የሚያውቁትን ስም፣ ለሞፈር የሚሆነውንና ለመድኃኒት የሚቀመመውን ሁሉ አንድ መጽሐፍ ሊይዘው አይችልም።

ስለዚህ ለክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ደብተር እንያዝ። ቅጠሉን ከነአበባው በጋዜጣ መካከል ተጭነን እናድርቅ፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የነገሩንን ስምና ጥቅሙን እንጻፍ። የደረቀውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ጋር ማስተያየት ይቻላል። ማኅበራችንም ለዚህ ሥራ አንድ ኮሚቴ ቢያቋቁም መልካም ይመስለኛል። ሽማግሌዎቹ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ አይኖርም።