የመጀመሪያይቱ የቤት ሥራ

ከጌዶ ወይም ከጊንጪ ተነሥቶ ወደ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ከዚያች ቀን አስቀድሞ የኮምፒውተርን ኪቦርድ በጣቱ ያልነካ ደቀ መዝሙር፣ ፕሮግራም ጽፈህ አስረክብ በተባለ ጊዜ የሚገጥመው ፈተና የአእምሮ ሳይሆን የመሰናዶ መሆኑን መምህራኑ ልብ ሊሉት ይገባል እላለሁ። የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን መጫን፣ ፋይሉን በትክክለኛ ስምና ቅጥያ ማስቀመጥ፣ ከዚያም መላክ አለበት፤ አስረክቤአለሁ ብሎ ያረፈውም ወጣት ባዶ ፋይል መላኩን የሚያውቀው ምናልባት ውጤቱ ሲነገር ነው።

አንዲት ምልክት እንኳ ስንት ሰዓት ትበላለች! ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ እንደ ተቀመጠ ሳያስተውል በላቲኑ ሁለት ነጥብ ፈንታ የእኛን «፡» ቢጽፍ፣ ለዓይን አንድ የሚመስለው ምልክት ለማሽኑ ፍጹም ባዕድ ነውና ሥራውን አይቀበለውም። ነገር ግን በጥቅስ ውስጥ «ሰላም ለአምቦ» ብሎ ቢያዝዘው፣ ያው ፓይተን ፊደላችንን ሳያፋልስ ያወጣለታል፤ ይህን ደስታ በመጀመሪያው ዕለት ሊነፍጉት አይገባም።

የአብነቱ የኔታ ሕፃኑን ንባብ ከመጠየቃቸው በፊት በስንደዶ እያመለከቱ ፊደል ያስቆጥሩት ነበር። መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በቁጥሩ ታላቅነት ደስ ቢያሰኘኝም፣ ይልቁን የማስብላት እንደ ፊደል ቆጠራው ያለችውን የመጀመሪያይቱን የትምህርት ሳምንት ነው። ማርክ አይያዝባት፤ መምህሩም ከተማሪው ጎን ተቀምጦ ፋይሉ እስኪደርስ አብሮት ይቆይ፣ የተላከውንም መልሶ ከፍቶ ማየትን ያስተምረው።