ድምፁ የማን ነው?

አንድ የዳንስ ዘፈን ሲያስጨፍርህ ድምፁ የማን እንደ ሆነ ጠይቀህ ታውቃለህን?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ብላክ ቦክስ የተባሉት የኢጣሊያ ሙዚቀኞች «ድሪምላንድ» የተሰኘ አልበም አወጡ። አብዛኛውን የዘፈነችው አሜሪካዊቷ ማርታ ዋሽ ነበረች። ስሟ ግን አልተጻፈም፤ በፊልሙ ላይ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የታየችው ካትሪን ኪኖል የምትባል ሞዴል ናት። ሲ ኤንድ ሲ ሙዚክ ፋክትሪ የተባለውም ቡድን በዚያው ዓመት እንዲሁ አደረገ። ራፕ የሚለው ፍሪደም ዊልያምስ በገዛ ድምፁ ሲቀርብ፣ በማርታ ድምፅ ዜልማ ዴቪስ ዘፋኝ መስላ ታየች። ብዙዎች ምክንያቱ የማርታ ውፍረት ነው ይላሉ።

ማርታ ግን ዝም አላለችም፤ ከሰሰች። ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ ዘፋኝነቷም ታወቀላት። በ1993 ዓ.ም. በገዛ ስሟ የተጠራ አልበም አወጣች።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶች። እንግዲህ ተማሪ ብትሆን የጓደኛህን ድርሰት፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ብትሆን ባልደረባህ የደከመበትን ሪፖርት በስምህ አታቅርብ። ያንተንም ድካም ሌላው ሲወስደው ዝም አትበል፤ ስምን መጠየቅ ደመወዝን እንደ መጠየቅ ነውና አትፈር።